20 ሚሊዮን ሸጦ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመ ዘፋኝ

ስለ ዳሪየስ ራከር ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ስሙን የማያውቀው ብዙ ነው፣ ድምፁን ግን አንድ ቦታ ሳይሰማው የቀረ ያለ አይመስለኝም። ወፈር ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው። ሁቲ ኤንድ ዘ ብሎውፊሽ የሚባለው የፖፕ ሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር፤ ብዙዎቹንም ዘፈኖች ከጓደኞቹ ጋር የጻፈው እሱ ነው። ከዚያ ካንትሪ ወደሚባለው ከአሜሪካ ገጠር ወደ ወጣው ሙዚቃ ሄደ። ዘፋኝ ስልት ሲቀይር አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የያዘኝ የሄደበት መንገድ ነው፤ ያንን ሁሉ ዝና ይዞ በጀማሪ በር ነው የገባው።

(ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የተወለደው በ1966 በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ነው። እናቱ ነርስ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። ቤቱ ውስጥ የሶል ዘፋኙ አል ግሪን ይደመጣል። ልጁ ግን ሬዲዮኑን እያገላበጠ የካንትሪ ዘፋኙን ኬኒ ሮጀርስንም ይሰማ ነበር። ይሄንን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ይፈለጋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማርክ ብራያን የሚባል ጊታሪስት ዶርም ውስጥ ሻወር ቤት ሲያንጎራጉር ሰማውና ተያይዘው መጫወት ጀመሩ። ባንዱ በ1986 ተመሠረተ። ከዚያ ለዓመታት በየመጠጥ ቤቱና በየተማሪ ፓርቲው ሲጫወቱ ኖሩ፤ ኩባንያ ዞር ብሎ አላያቸውም።

በ1994 የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው ክራክድ ሪር ቪው ወጣና ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተመዝግቦለታል። በዚያች አገር ታሪክ በብዛት ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። በ1996 በግራሚ፣ በአሜሪካ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት ተብለው ተሸለሙ። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ እነሱን ብቻ ሆነ፣ ሰውም ጠገበ። ዘፈን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲደጋገም ምን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የወደደው ሁሉ መልሶ ያማርራል። ሁለተኛው አልበም ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም፣ ሦስተኛው ከዚያም አነሰ። ራከር በ2002 ብቻውን አንድ የአር ኤንድ ቢ አልበም ሞከረ፤ ብዙም አልተሰማለትም።

እዚህ ጋ ሌላው ቢሆን የድሮ ዘፈኖቹን እየዘፈነ ቢዝነሱን ይሠራ ነበር። ማንም አይወቅሰውም።

እሱ ናሽቪል ገባ። ናሽቪል የካንትሪ ዋና ከተማ ናት፤ እዚያ ደግሞ ዘፈን የሚያልፈው በሬዲዮ በር ነው። አዲስ ድምፃዊ ሲመጣ ኩባንያው ጊታሩን አስይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ያዞረዋል። መድረክ የለም፣ የመድረክ መብራት የለም። የስብሰባ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የቡና ስኒ፣ ዙሪያውን ጥቂት ሠራተኞች፣ ከመካከላቸው አንዱ የትኛው ዘፈን አየር ላይ እንደሚውል የሚወስነው ሰው። ለእነሱ ትዘፍናለህ፣ አመስግነህ ትወጣለህ፣ መኪና ውስጥ ገብተህ ወደሚቀጥለው ከተማ። የ20 ዓመት ልጅ ይሄን ቢያደርግ ምንም አይደል። ራከር ግን አርባዎቹን አልፎ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲያዘፍን ከኖረ በኋላ ነው ያደረገው። ጥቁርም ነው። አድማጮቼ ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ አይቀበሉም ብሎ ፊት ለፊት የነገረው የሬዲዮ ሰው እንደነበር ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ይሄ የሆነው በ2008 ነው እንግዲህ፣ ጥንት አይደለም።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ የመጀመሪያው የካንትሪ ነጠላ ዜማው ቢልቦርድ የሚባለውን የሙዚቃ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ መራ። ከእሱ በፊት ብቻውን ዘፍኖ እዚያ የደረሰ የመጨረሻው ጥቁር ድምፃዊ ቻርሊ ፕራይድ ነበር፣ ያውም በ1983። 25 ዓመት! በ2009 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ አዲስ አርቲስት ብሎ ሸለመው። አስቡት፣ በ1996 ከባንዱ ጋር «አዲስ» ተብሎ ተሸልሞ ነበር፤ ከ13 ዓመት በኋላ በ43 ዓመቱ ደግሞ እንደገና «አዲስ» ተባለ። ብዙ ሰው ይሄንን እንደ ስድብ ያየው ነበር። እኔ ከሰበሰባቸው ሽልማቶች ሁሉ ይሄን ነው የምወድለት። በ2012 የግራንድ ኦል ኦፕሪ አባል ሆነ። ኦፕሪ ከ1925 ጀምሮ የሚተላለፍ የናሽቪል የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ አባልነቱ በግብዣ እንጂ በማመልከቻ አይገኝም።

ጥቁርና ካንትሪ ምን አገናኛቸው የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔንም ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ባንጆን፣ ያንን ክብ ሆድ ያለውን የካንትሪ ክር መሣሪያ፣ ያየ አይጠይቅም። የባንጆ ዘር ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ናቸው በእጃቸው እዚያ የሠሩት። ኦፕሪ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ከነበሩት ኮከቦች አንዱ ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር። በ1941 አሰናበቱት። የካንትሪ የዝና አዳራሽ ያስገቡት በ2005 ነው፣ ሰውየው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው። የቻርሊ ፕራይድ የመጀመሪያ ዘፈኖች ደግሞ በ1960ዎቹ ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲላኩ ፎቶው አብሮ አልተላከም፤ ሰሚው በድምፁ መጀመሪያ ይውደደው ተብሎ። እና ራከር ወደ ሰው ቤት አልገባም። ልጅ ሆኖ ሬዲዮ ሲያገላብጥ የሰማው ሙዚቃ ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። በባንዱ ጊዜ የነበሩት ግጥሞች ጥሩ ናቸው፣ ግን ጭጋግ አላቸው። አንዲት ሴት አለች፣ ታለቅሳለች፣ እሱ አጠገቧ ነው፤ የትና መቼ እንደሆነ ብዙም አይነገርህም። ካንትሪ ይሄንን አይወድም። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ፣ ሁሉን ይፈልጋል። ናሽቪል ውስጥ ሁለት ሦስት ደራሲዎች ጠዋት ቀጠሮ ይዘው፣ አንድ ክፍል ገብተው፣ አንድ ዘፈን ጨርሰው ይወጣሉ። ራከርም እዚያ ተቀመጠ። ከወጡት መካከል ሕፃን ልጁ ሌሊቱን እያለቀሰች ስለማታስተኛው አባት የተጻፈ አንድ ዘፈን አለ። ባልና ሚስት ደክሟቸው ይሄ ያልፋል ይባባላሉ። ቀጥሎ ልጅቷ አድጋለች፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ እግሩን ይዛ አልለቅም ትላለች፣ አሁንም ይሄ ያልፋል። ከዚያ አባትየው ስለ ሠርጓ ቀን ያስባል። ያው ቃል ነው የሚደጋገመው፤ በመጀመሪያ ያጽናና ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ያስፈራዋል። ይሄን ዘፈን የጻፈው የድሮው የተማሪ ፓርቲ ዘፋኝ ነው ብትሉኝ አላምንም ነበር።

እኔ የምኖረው ከከተማው ጫፍ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከብሎካችን ብትወጡ ያንን ዘፈን በአካል ታገኙታላችሁ። አባት የስፓይደርማን ቦርሳ በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ በሌላ እጁ የምሳ ዕቃ ይዞ፣ ልጁ ኬጂው በር ላይ ሱሪውን ይዞ ሲያለቅስ። አባት ሰዓቱን ያያል። ሃይገሩ ካመለጠው እስከ መሃል ከተማ አበቃለት። ግን ጎንበስ ብሎ የልጁን አፍንጫ በመሀረብ ይጠርግና የሆነ ነገር በጆሮው ይነግረዋል። ታዲያ ስለዚህ ሰውዬ በአማርኛ የተዘፈነ ዘፈን የታለ?

ዋገን ዊል የሚለውን ዘፈኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የዘፈኑ ታሪክ ራሱ ረጅም መንገድ ነው። ቦብ ዲላን በ1973 አዝማቹን ብቻ አንጎራጉሮ ሳይጨርሰው ተወው። ከዓመታት በኋላ ኬች ሴኮር የሚባል ወጣት ያቺን ቁራጭ ሰምቶ ስንኞቹን ጻፈላትና በባንዱ፣ ኦልድ ክሮው ሜዲሲን ሾው፣ ታወቀች። ራከር ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ የመምህራን ባንድ ሲጫወተው ሰማ። በ2013 አወጣው፣ በ2014 ግራሚ አገኘበት፣ በ2022 ደግሞ የአልማዝ ደረጃ ደረሰ፤ 10 ሚሊዮን ማለት ነው። የሚገርመው፣ የራከር ባንድ በ90ዎቹ ከዲላን ዘፈን ስንኞች ወስዶ ክርክር ውስጥ ገብቶ በስምምነት ነበር ያለቀው። በኋላ የራከር ትልቁ የካንትሪ ዘፈን አዝማቹ የዲላን ሆነ።

ዘፈኑ ስለ መንገደኛ ነው፤ ሊፍት እየጠየቀ ወደ ወዳጁ የሚወርድ ሰው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀመረው እኛ ሰፈር ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እዚህ ሲደመጥ ሌላ ነው። ኮርዱም ቀላል ነው፣ አራት ብቻ። ፎቃችን ላይ ጊታር የሚማር ጎረምሳ አለ። ካፖ፣ ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ መግዛት ስላልቻለ እርሳስ በላስቲክ አስሮ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያጠብቃል። ክሮቹ ላይ እርሳሱ ትንሽ ያንሸራትታል፣ ስድስተኛው ክር ይንጫጫል፤ እሱ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይሄንኑ ዘፈን ነው የሚመታው። መብራት ሲጠፋ በተለይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ይሰማል። ዕድሜያቸው የገፋው እትዬ ሳይቀሩ ጣታቸውን መቁጠሪያቸው ላይ እንዳደረጉ ራሳቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል ሳይሰሙ።

ለዚህ ምክንያት አለው። የኛ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ብዙ የካንትሪ ዜማዎች የሚመላለሱት እነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ነው። ጆሯችን ካንትሪን እንግዳ አላደረገውም። የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ካሴት በታላላቆቻችን ቤት የኖረው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እና ከራከር ምን እፈልጋለሁ? እውነቱን ልናገር። የኛም ዘፋኞች ወደ ባህላዊ ይመጣሉ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ። የአገር ልብስ ይለበሳል፣ ማሲንቆ ከኮምፒውተር ይጨመራል፣ ክሊፑ ላይ አንድ በሬ ያልፋል፣ አለቀ። ከአዝማሪ ቤት ሄዶ እግር ስር ተቀምጦ፣ ወር ሁለት ወር ግጥም ሲነጥቅ የከረመ ስንቱ ነው? ስም ያለው ዘፋኝ አዝማሪ ፊት ጀማሪ ሆኖ መቀመጥ ይከብደዋል። ራከር ያልከበደው ይሄ ነው። ልብስና ባርኔጣ ማንም ይገዛል።

የሚዘፈን ነገር ደግሞ ሞልቷል። የግቢያችን ጥበቃ አባባ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው በዱላቸው ጫፍ አሳዩኝ፤ እዚያ የውኃ ታንከሩ ያለበት ዐውድማቸው ነበር፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲህ ያለው ጤፍ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሽንብራ። ቁጣም ለቅሶም አልነበረውም አነጋገራቸው፣ ድንበር እንደሚቆጥር ሰው ነው የነገሩኝ። በወሩ መጨረሻ ደሞዛቸውን ተቀብለው ጤፍ ከወፍጮ ቤት በኪሎ ይገዛሉ። ናሽቪል ውስጥ ቢሆን ሦስት ደራሲዎች በአንድ ጠዋት ይጽፉት ነበር። እኛ ጋ አንድ ሰው ሙሉ ዓመት ወስዶ ቢጽፈውም እጠብቃለሁ።

ራከር ባንዱን ጥሎ አልሄደም። በ2019 ተመልሰው አንድ ላይ ዞሩ፣ አዲስ አልበምም አወጡ። አሁን ወደ ካንትሪ የሚመጣው በዝቷል፤ ቢዮንሴ እንኳ በካንትሪ አልበሟ በ2025 ግራሚ ላይ የዓመቱን አልበም ወሰደች። ጥሩ ነው፣ ይምጡ።

ከየቱ ልጀምር ለሚለኝ፣ መጀመሪያ የ1994ቱን አልበም ከላይ እስከ ታች ስሙት። ከዚያ በቀጥታ 2008 ላይ ሂዱ፣ ለርን ቱ ሊቭ የሚለው አልበም ነው። በመሃል ያለውን ለጊዜው እለፉት። ድምፁ ያው ነው፣ ምንም አልተነካም። ግጥሙን ስሙት፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተያየት መስጫው ላይ የዘፈኑን ስም ጻፉልኝ፣ ታሪኩን በአማርኛ አጫውታችኋለሁ።