የመሐንዲሶቹ የልጅ ልጆች

ዛሬ ፒያሳ ቡና ላይ ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ስንጨዋወት ዋልን። አያቱ ጎንደርን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመሐንዲስ ክፍል ወታደር ነበሩ። እሱና የአያቱ ጓዶች የልጅ ልጆች ፎቶና ደብዳቤ እያሰባሰቡ የክፍሉን ታሪክ ይጽፋሉ።

እኛ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ ብለን እናልፋለን። ፈንጂውን ማን ለቀመው? መንገዱን ማን ደለደለው? አይወራም።

አንዱ ፎቶ ላይ ቁምጣ የለበሰ ወታደር ተንበርክኮ መሬቱን በሳንጃ ጫፍ ቀስ እያለ ይወጋል። ፈንጂ ፍለጋ መሆኑ ነው። ከጀርባው ጋቢ የደረበ፣ ጠመንጃ ያነገተ የኛ ሰው ቆሟል። የፈረንጁ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። የኛው ሰው ግን ስም የለውም። አንጀቴ አረረ!

ያኔ ውጊያ የተደረገበት የቁልቋል በር አካባቢ ልጆች፣ ፎቶውን እልክላችኋለሁ፤ እስቲ ለሽማግሌዎቹ አሳዩልኝ።