መድፈኛው አባቴ

አባቴ በደርግ ዘመን በመድፈኛነት አገልግለው፣ ሠራዊቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲበተን ወደ ትውልድ ከተማቸው ኮምቦልቻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው ባለ 122 ሚሊ ሜትሩን ዲ-30 መድፍ ማጉረስ ነበር። ይህ መድፍ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኩሳል፤ የአንዱ አረር ክብደት 22 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ አጉራሹ አረሩን ታቅፎ ካስገባ በኋላ ባሩድ የያዘውን ቀለህ ለብቻው ያስከትላል። ቅደም ተከተሉን ሲያሳዩኝ ቀኝ ጡጫቸውን ጨብጠው ወደ ፊት ይገፋሉ፤ እንቅስቃሴው ዛሬም ዝንፍ አይልም።

መድፈኛ የመታውን ሰው ፊት አያይም፤ ዒላማውን በሬዲዮ የሚነግረው ከፊት ያለ ተመልካች ነው። አባቴን እስከ ዛሬ የሚከብዳቸው ይኸው ይመስለኛል፤ አረሩ የት እንደወደቀ እንጂ ማን ላይ እንደወደቀ የነገራቸው አልነበረም።

ለተበተነ ወታደር ሥራ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ስለነበር፣ መጀመሪያ ጭነት በማውረድ፣ በኋላም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሐረጎን ቁልቁለት በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ በረዳትነት ሠርተው አሳደጉን። የመድፉ ፍንዳታ የጎዳው ጆሯቸው ግን እየባሰበት ሄደ፤ እናቴ ቡና መፍላቱን የሚነግሯቸው ትከሻቸውን ነካ አድርገው ነው።

በከባድ ድምፅ የሞተ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም፤ የማዳመጫ መሣሪያ ግን ብዙዎችን ይረዳል። ስለዚህ መድፈኛ አባት ያላችሁ ሁሉ ወደ ጆሮ ሐኪም ውሰዷቸው፤ እነርሱ ራሳቸው አይጠይቋችሁምና።