ካርዱ ላይ የጻፍኩት 120/80

የነርስነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ወጥተን ነበር። የእርግዝና ክትትል ክፍል ደረሰኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የደም ግፊት ለካሁ፤ ማለቴ ለመለካት ሞከርኩ። ክንዷ ላይ የታሰረውን ካፍ ነፋሁ፣ አየሩን ለቀቅኩ፣ ምንም አልሰማሁም። ደገምኩት፣ አሁንም ምንም። ካርዱ ላይ ጤናማ የሚባለውን ቁጥር፣ 120/80 ብዬ ጻፍኩ።

እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ አስተማሪ ጓደኛችንን ታካሚ ፊት «ይሄን እንኳን የማትችይ ለምን ነርስ እሆናለሁ አልሽ?» ብሏት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሀላችን «አልቻልኩም» የሚል ጠፋ። ልክ የሚመስል ቁጥር መጻፍ ለመድን።

የዚያን ቀን የነበሩት መምህርት ካርዱን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰምተሽዋል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም ቲቸር።»

አልተቆጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እናትየዋን «አንዴ እንደገና እንለካሻለን፣ እሺ የኔ እናት?» አሏት፣ ከዚያ ክርኗ መታጠፊያ ላይ የደም ስሩን ትርታ በጣቴ ፈልጌ እስካገኘው ጠበቁኝና ስቴቶስኮፑን እዚያው ላይ አሳረፍኩት። ሰማሁ። 150/100። አሳርፈን ስንደግመው ያው ነው። ሽንቷ ሲታይ ፕሮቲን አለው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንት ላይ ፕሮቲን ከተገኘ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ የሚችለው ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል ሕመም እንደሆነ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። እናትየዋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሪፈር ተባለች። በእኔ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ቀጠሮ ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር፣ የሚጥላት ነገር ቢነሳባት ደግሞ ማን ሊደርስላት ነው?

ኮሪደር ላይ መምህርቷ «ያልሰማሽውን አልሰማሁም በይኝ፣ አብረን እንሰማዋለን» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። በኋላ አንዷ ጓደኛችን መድኃኒት በሰዓቱ ሳትሰጥ ቀርታ በራሷ እግር ሄዳ ነገረቻቸው። ይዘዋት የዋርዱ ኃላፊ ጋ ገቡ። ፈርታ ብትደብቀው ማንም አያውቅም ነበር።

ፍርሃት ተማሪን ጠንቃቃ ያደርጋል የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ ከዋርድ ዋርድ ሲሯሯጥ ትዕግስቱ እንደሚያልቅ ይገባኛል። ግን እኔ ያየሁት ፍርሃት ያስተማረን መደበቅን ነው።

አሁን እኔም ተማሪ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ቀን የዚያን ካርድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ባዶ ካርድ ይዛ መጣች።

«ሲስተር፣ አልሰማኝም።»

ስቴቶስኮፔን አንስቼ አብሬያት ሄድኩ።