ከፍልሰታ እስከ እንቁጣጣሽ፦ የእግር መንገድ ወሬ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ ወዳጆቼ! ይህን የምጽፈው ጳጉሜ ላይ ነው፤ ስልካችሁ በአደይ አበባ ፎቶ ከመጥለቅለቁ በፊት ልቅደም ብዬ። በየዓመቱ ሁለት መስመር ምኞት ጽፌ እገላገል ነበር። የዘንድሮው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና ቁጭ በሉ።

የፍልሰታን ጾም ገሚሱን ያሳለፍኩት በፈረንሳይ ገጠር በእግሬ ስሄድ ነው። ከለ ፒዊ ከተማ ተነስተን እስከ ኮንክ መንደር፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር። መንገዱ እዚያ አያበቃም፤ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት እስከሚባለው እስከ ስፔኗ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ድረስ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እኔና አብሮ አደጌ ኮንክ ላይ ቆምን። የዓመት ፈቃዳችንም ጉልበታችንም እዚያ ድረስ ነበር።

አውሮፓ የምንኖር ሐበሾች የምንወዳት አንዲት አባባል አለች፦ «የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ነው፣ ሙዚየም ሆኗል።» ውሸት አይደለም። ግን በእግር ስትሄዱ ሌላም ነገር ታያላችሁ፤ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት እሱን ነው።

ለ ፒዊን እሳተ ገሞራ ነው የሠራት። ከሜዳው መሀል ጥቁር ቋጥኞች ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ በአንደኛው አናት ላይ፣ ከ80 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ቁጭ ብላለች። 268 ደረጃ ነው። የትግራዩን አቡነ የማታ ጎህን የወጣ ሰው እዚህ አይደነግጥም፤ ደረጃ አለው፣ መደገፊያ ብረት አለው፣ ቲኬት ቆራጭ ሳይቀር አለው። ጸሎት ቤቷ የተባረከችው በ960ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። የዚያን ጊዜው የከተማዋ ጳጳስ ጎዴስካልክ በ950 ወደ ሳንቲያጎ ሄደው በ951 ተመልሰዋል። ከፈረንሳይ ተነስተው እዚያ ከደረሱት መካከል ስማቸው በጽሑፍ ከቆየልን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው።

እኛ የደረስነው ለነሐሴ 9 ነው። በነሱ ኦገስት 15 መሆኑ ነው፤ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን። እኛ ገና ጾም ላይ ነን፣ እነሱ ፍስክ ላይ። ጥቁሯን ማርያም ከካቴድራሉ አውጥተው በከተማው ያዞሯታል። ጥንታዊቷ ምስል በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1794፣ ተቃጥላለች፤ የዛሬዋ የተተካችው ናት። ፊቷ የጠቆረ ማርያምን ፈረንጆች ተሸክመው እየዘመሩ ሲያልፉ ቆሜ ሳይ ሆዴ ባባ። እልል ልል አፌን ስከፍት ጓደኛዬ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተጓዦች ቅዳሴ አለ። ሲያልቅ መንገደኛው ይሰበሰብና ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ይባረካል። ከዚያ የሚሆነውን አልጠበቅኩም ነበር፦ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል መሀሉ ላይ ያለ የብረት ፍርግርግ ይከፈታል። በዚያ በኩል ደረጃ ወርዳችሁ፣ ከቅዳሴው በቀጥታ ጎዳና ላይ ትወጣላችሁ። ሰው ሁሉ ቦርሳውን እንደታቀፈ ቁልቁል ይወርዳል። ማንም ቻው አይልም።

መንገዱን ለማግኘት ብዙም ካርታ አያሻም። በዛፍ ግንድ፣ በድንጋይ አጥር፣ በመብራት ምሰሶ ላይ ነጭና ቀይ መስመር ተቀብቷል። ሁለቱ ቀለሞች ተሻግረው መስቀል ከሠሩ ግን መንገዱ በዚያ አይደለም ማለት ነው። ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው አልለመደችውም፤ «መስቀል አይቼ ፊቴን ሳዞር የመጀመሪያዬ ነው» ትላለች።

ጸጥታውን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ግማሽ ቀን ሄዳችሁ ከአንድ ትራክተር ሌላ ላይገጥማችሁ ይችላል። በየመንደሩ ግን አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ብዙ ጊዜ ከ11ኛው ወይም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን። ናስቢናል ላይ፣ ኤስፓልዮን አጠገብ። እጀታውን ትገፋላችሁ፣ ይከፈታል። ማንም የለም። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የድንጋይና የሰም ሽታ አለው። አንድ ሰው ግን ጠዋት መጥቶ አበባውን ቀይሯል፣ ውሃው ገና አልደፈረሰም። አንዲት መንደር ውስጥ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ ቁልፉ ዳቦ ቤቱ ጋ ነው። ሄደን ጠየቅን። ልጅቷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና መዳፌን የሚያህል ቁልፍ አውጥታ ሰጠችን፤ መታወቂያ የለ፣ ፊርማ የለ።

ጣሪያውን ማን ያድሳል ብዬ ሳጣራ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ገረመኝ። ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን በሕግ ለየች። በዚያው ምክንያት ከዚያ በፊት የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የየአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ንብረት ናቸው፤ ካቴድራሎቹ የመንግሥት። ስለዚህ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጨነቁት ከንቲባው ናቸው፤ አማኝ ይሁኑ አይሁኑ ሕጉ አይጠይቃቸውም። ምዕመናኑ ቢያልቁም ቤቱ ባለቤት አላጣም። ይሄን «ሙዚየም» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ፤ ጾመኛ በኦብራክ ምድር ሲያልፍ ፈተናው ይኸው ነው። ኦብራክ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው። ዓይናቸው የተኳለ የሚመስል ቀላ ያሉ ላሞች በየቦታው። የአገሩ ምግብ አሊጎ ይባላል፤ ድንችና ትኩስ አይብ ከቅቤና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተማስሎ ማንኪያው ሲነሳ እንደ ገመድ የሚጎተት። ሽታው ብቻ ያስቀስፋል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አንዲት ሸምገል ያሉ እማማ ነበሩ። ሥጋ አንበላም ስንላቸው እሺ አሉ። ቅቤም አይብም እንቁላልም ስንላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታመማችሁ?» አሉ። ለማርያም የሚጾም ጾም እንደሆነ ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ አያታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማይቀምሱ አጫወቱንና ወደ ጓዳ ገቡ። ይዘውት የመጡት የለ ፒዊን ምስር ነው፤ ትንሹን አረንጓዴውን፣ በካሮትና በሽንኩርት። ይህ ምስር ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሌላ ቦታ የበቀለ ምስር በዚህ ስም አይሸጥም። እውነቱን ልናገር፣ በርበሬ ቢኖረው ከዚህ በላይ የጾም ምግብ የለም።

እንዲህ ያሉት ማረፊያዎች ብዙዎቹ ዋጋቸው ቀላል ነው፤ አንዳንዶቹማ ዋጋም የላቸው፣ ሳጥን ውስጥ የቻላችሁትን ትጥላላችሁ። በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ አለ። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ተወትፎ ያድራል። ማታ አንድ ገበታ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትበላላችሁ። የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ነርስ፣ ባሏ የሞተባት፣ እምነት የሌለው፣ በጣም ያለው። ለምን ትሄዳለህ ብሎ የሚያፋጥጥ የለም፤ የፈለገ ራሱ ይናገራል።

ኦብራክ መንደር ላይ ግን ልባችሁን የሚነካ ነገር አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አዳላር የሚባሉ የፍላንደርስ መስፍን የተጓዦች ማረፊያና ሆስፒታል እዚህ አቋቁመዋል። ያኔ ሜዳው ሽፍታና ተኩላ ነበረበት፤ ክረምት በረዶው፣ በጋም ጉሙ ሰው ይበላል። ስለዚህ ጉም ሲወርድና በረዶ ሲጥል መነኮሳቱ ደወል ይደውላሉ፤ መንገድ የጠፋው በድምፁ እየተመራ እንዲመጣ። የጠፉት ሰዎች ደወል ይሉታል። ላዩ ላይ በላቲን ከተጻፉት ቃላት የመጨረሻዎቹ «የጠፉትን ጥራ» የሚሉ ናቸው።

እዚያ አጥር ላይ ተቀምጬ የሀገሬ ልጆች ትዝ አሉኝ። እኔ የምሄደው በፈቃዴ ነው። መታወቂያ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ማታ ሾርባ ይጠብቀኛል፣ ከደከመኝ ባቡር አለ። በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በረሃ ወደ ሳውዲ የሚሄደው ወጣት ምን ደወል አለው? መልስ የለኝም። ከምታውቁት ሰው ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ካለ ግን በእንቁጣጣሽ ቀን ደውሉለት፤ ባዶ ወንበር ያለበት ቤት በዓል ሲመጣ ይብስበታል።

የመጨረሻዋ ኮንክ ናት። ገደል ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት፤ ከሩቅ አትታይም፣ ቁልቁል ጫካውን ወርዳችሁ ድንገት ጣሪያዎቹ ከእግራችሁ ሥር ይመጣሉ። የሴንት ፎዋ ገዳም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ላሊበላ ከመወቀሩ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። ሴንት ፎዋ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰማዕትነት የሞተች ትንሽ ልጅ ናት። አፅሟን አዣን ከሚባል ከተማ አንድ የኮንክ መነኩሴ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሰርቆ አመጣው ይላሉ፤ ይሄን ሲያወሩ አያፍሩም፣ እንዲያውም ፈገግ ይላሉ። በአብዮቱ ጊዜ የወርቅ ንዋየ ቅድሳቱ እንዳይወረስ የመንደሩ ሰው ደብቆ አተረፈው። ዛሬም እዚያው አለ።

ከዋናው በር በላይ የፍርድ ቀን ተቀርጿል፤ 124 ምስል፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም እስካሁን ያልጠፋ ሰማያዊና ቀይ። ማታ ከጸሎት በኋላ ከገዳሙ ወንድሞች አንዱ ደጁ ላይ ቆሞ ያስረዳል፣ ቀልደኛ ናቸው። ቦርሳው አንገቱ ላይ ታስሮ የተሰቀለ ንፉግ አለ። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል፣ ፊት ለፊቱ ሰይጣን። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሰይጣኑ ሚዛኑን በጣቱ ተጫን እያደረገ ነው። መርካቶ ሄዳ የማታውቅ ነፍስ እንኳ ይሄን ጣት ታውቀዋለች። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ፤ እኔም።

ከዚያ ኦርጋን ይጫወታሉ። ሠዓሊው ፒየር ሱላዥ የሠራቸው 104 የቤተ ክርስቲያኑ መስኮቶች፣ በ1994 የተጠናቀቁት፣ ሥዕል የለባቸውም፣ ቀለም የለባቸውም። መጀመሪያ «ይሄ ነው?» አልኩ፣ ደስ አላለኝም። የሥላሴ ካቴድራልን ባለ ቀለም መስታወት ለለመደ ዓይን ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ተመልሼ ገባሁ፤ ብርሃኑ እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። አሁንም ባለ ቀለሙን እመርጣለሁ፣ ግን ገባኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከሊዮን ባቡር በሴንት ኤቲየን በኩል ለ ፒዊ ያደርሳችኋል። ሜይና ሴፕቴምበር ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ማረፊያ ቀደም ብላችሁ ያዙ። አዲስ ጫማ አትግዙ፤ እግራችሁ የለመደውን አድርጉ። ጾመኛ ከሆናችሁ በርበሬ በትንሽ ዕቃ ያዙ፣ እማማዎቹም ቀምሰው ይገረማሉ።

ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ፤ በበዓሉ ዋዜማ ሽንኩርት ስከትፍ ስለማመሽ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። መልካም አዲስ ዓመት!