15 ኪሎ በሶ

ኅዳር 18። በ1934 ዓ.ም. በዛሬው ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ስለ መድፉና ስለ ምሽጉ ብዙ ተወርቷል። እኔን የሚከነክነኝ ግን በአርማጭሆና በወገራ ዱር አምስት ዓመት የከረመው አርበኛ ምን እየበላ ከረመ የሚለው ነው። አቁማዳውን ማን ሞላው?

«ሴቶች ስንቅ አቀበሉ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እስቲ ይቆጠር። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ቢበቃው ለወር 15 ኪሎ ነው። ገለባና ብናኝ ስለሚወጣለት ከ20 ኪሎ ያላነሰ ገብስ ይፈልጋል። በእጅ ወፍጮ መጅ እየገፉ አንድ ኪሎ ማድቀቅ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለአንድ ሰው ብቻ ሁለት ሌሊት ማለት ነው፤ ቀኑማ የውሃና የእንጨት ነው።

ገብሱ የዳባት ወይም የደባርቅ ከሆነ ፍሬው ሞላ ያለ ነው። ተለቅሞ ረጠብ ይደረግና በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥበቱ ሳይለቅ ምጣድ ላይ ከወጣ ውጪው ያርራል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ጥሬ የቀረው በሶ ሆድ ይነፋል፣ ቶሎም ይሸታል። ያረረው ደግሞ ይመራል። ስለዚህ ምጣዱ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት እፍኝ በላይ አይወርድም፤ እጅም ከማማሰል አያርፍም። አንዷን ፍሬ ነክሶ ማየት ነው፤ ቀሽ ብላ ዱቄት ከሆነች ደርሳለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ትኩሱን ይፈጩታል። ዱቄቱ ወብቆ አቁማዳ ውስጥ ሲታሰር ላብ ያወጣል፣ ይጓጉላል፣ በሳምንቱ ይሻግታል። ተቆልቶ ማደር አለበት። አንድ ሌሊት ለመቆጠብ የቸኮለ የወር ስንቅ ያጣል፤ ዱር ገብቶ የከፈተው ሰው ደግሞ የሚመለስበት ቤት የለውም።

ድርቆሹ ይቀላል። በደንብ የቦካ፣ ሳሳ ያለ፣ አንድ ቀን ያደረ እንጀራ ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሳይደራረብ፣ እየተገላበጠ። ታጥፎ የደረቀ እንደሆነ ሻጋታው ከእጥፋቱ ይጀምራል። ሲሰብሩት ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሌለ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭስ ጭስ ቢልም ይበላል።

የበሶ ትልቁ ጥቅም እሳት አለመፈለጉ ነው። ቀን ጭስ፣ ሌሊት ብርሃን ሸማቂን ያሳብቃል፤ በሶ ግን በቅል ውሃ ተበጥብጦ ያልቃል። በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ከሆነ ጥቂቱ ያጠግባል፤ ቅቤው በደንብ ካልተነጠረ ግን የቀረችው ውሃ ታበላሸዋለች። ደግሞም ጾም አለ። የዓድዋው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው፤ ያኔ ጭኮ ለሚጾመው ሰው አይሆንም።

ውሃ ከሌለ ደግሞ በሶ ጉሮሮ ይይዛል። ለዚህ ይመስለኛል የእቴጌ ጣይቱን ነገር ከስንቁ ለይቼ የማላየው። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው፤ ለእኛም ሩቅ አይደሉም። መቀሌ ላይ ምሽግ የያዘውን ጣሊያን ምንጩን በመያዝ እንዲያስጨንቁት ያደረጉ እሳቸው መሆናቸው ይታወቃል። በዓድዋው ዕለት ደግሞ ሴቶቹን እንስራ አሸክመው ለተዋጊው ውሃ አስቀረቡ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። እዚያ ላይ የእንስራው የሸክላ ክብደት አለ፣ ጥይቱም አለ። ይህን «እርዳታ» የሚሉት ሰዎች ተሸክመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ጨውና በርበሬ ቀድሞ ከበሶው ጋር አይቀላቀልም። ጨው እርጥበት ይስባል፤ አንድ ዝናብ የነካው አቁማዳ በሙሉ ድንጋይ ይሆናል። ለየብቻ በጨርቅ ይቋጠሩና አቁማዳው አፍ ላይ ይታሰራሉ፤ በጨለማም በእጅ ዳበሳ እንዲገኙ የጨው ቋጠሮ አነስ ትላለች።