የተሰነጠቀ የስፒከር ፕላስቲክ በሱፐር ግሉ ብቻ አይድንም

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ አሮጌ ስፒከር የሚገዛ ሰው የሚፈትሸው ኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን ወረቀት) እና ድምፁን ነው። ፕላስቲኩን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ቤት ሲደርስ የፊት ፍሬሙ ጥግ ተሰንጥቋል፣ የወንፊቱ ችካሎች ተሰብረዋል፣ ቪቴ የሚገባበት ቱቦ ለሁለት ተከፍሏል። ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ መያዝ ቀላል ነው፤ ግን ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል፣ ስፒከር ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚኖረው። ባስ ሲበረታበት እዚያው መስመር ላይ ይለቃል።

መጀመሪያ የፕላስቲኩ ዓይነት ይለይ። ከጀርባ በማይታይ ቦታ ላይ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኝ፣ ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ) በነካ ጥጥ ይሹት። ከተጣበቀ ወይም ጥጡ ቀለም ይዞ ከመጣ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ነው፤ በአሴቶን ይያያዛል። አሴቶኑ ምንም ካላደረገውና ስባሪው ውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይችላል፤ እሱን ተራ ማጣበቂያ አይዘውም፣ በካውያ (ሽቦ መበየጃው) ማቅለጥ ነው። የድሮ ሬዲዮ ቤክላይት ከሆነ ደግሞ አይሟሟም፣ አይቀልጥም፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ ማጣበቂያ) መቀባት ነው።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሁሉ አሴቶን አይደለም። የቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ፎም ላይ ጠብ ያድርጉበት፤ ወዲያው ሟምቶ ጉድጓድ ከሠራ ይሆናል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ አሴቶኑም ቶሎ ይተናል። ክዳኑን አይርሱ። ትነቱ እሳት ይይዛልና ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ከሰል አጠገብ በፍጹም አይክፈቱት።

ስንጥቁን የሚሞላው የፕላስቲክ ሊጥ እንዲህ ይሠራል፦ ኤቢኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን የተሰበረ ኪቦርድ በቢላ ፍቀው አንድ እጅ ፍቅፋቂ በሁለት እጅ አሴቶን በመስታወት ብልቃጥ ያሳድሩት። የፕላስቲክ ኩባያ አይሆንም፣ ራሱ ሊሟሟ ይችላል። ሲነጋ እንደ ማር መሳብ አለበት።

ድምፅ ማውጫውን ከቦክሱ ያውጡ፤ አሴቶን የኮኑን ማጣበቂያ ያላቅቃል፣ ማግኔቱም የብረት ብናኝ ይሰበስባል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በ2 ሚሊሜትር ፑንታ ይብሱ፤ ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ ከጥገናው አልፎ ይሄዳል። ከጀርባ በኩል የፕላስቲኩን ግማሽ ውፍረት ያህል ቦይ ይቅደዱ። ሁለቱን ጠርዝ በአሴቶን አርጥበው ገጥመው አስረው ያቆዩ፣ ከዚያ ሊጡን በስሱ፣ ከ1 ሚሊሜትር ባልበለጠ ድርብርብ ይሙሉ። በየድርቡ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። አንዴ በወፍራሙ የሞላ ሰው ውስጡ አረፋ ይቋጥርበታል፣ ፍሬሙም ለስልሶ ይጣመማል። አሴቶኑ ሲወጣ ሊጡ ስለሚሰምጥ ከልኩ ከፍ አድርገው ይሙሉት። ለመሞረድ ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ በብርድ ሌሊት 48 ይሻላል።

ጥግ ከሆነ ሊጥ ብቻውን አይበቃውም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ የመዳብ ክር አውጥተው ስንጥቁን በሚያቋርጥ አቅጣጫ በ30 ዋት ካውያ ወደ ፕላስቲኩ ያስጥሙት። ከፊት እንዳይወጣ ከውፍረቱ ግማሽ አይለፍ። መዳብ የምመርጠው ማግኔት ስለማይስበው ነው።

የቪቴው ቱቦ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን በአሴቶን ዘግተው ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን በስፌት ክር ጠበቅ አድርገው ጠምጥመው ኢፖክሲ ይቀቡት። ሲገጥሙ ቪቴውን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጠብ ብሎ ወደ አሮጌው ጥርስ ሲወርድ በካቻቢቴው እጅዎ ላይ ይሰማዎታል። ያኔ ብቻ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። ይህን ሳያደርጉ የገፉት ቪቴ አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቱቦውን ይከፍተዋል።

ሲያበቁ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያጫውቱና ጣትዎን ጥገናው ላይ ያሳርፉ። ጣትዎ ሲነካው የሚጠፋ ዝዝታ ካለ ያልሞላ ቦታ ቀርቷል፤ ከጀርባ ከፍተው አንድ ድርብ ይጨምሩ።