ሮቶው ላይ የተቀመጠው "በግ የሚያክል" ጉጉት

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፍቶ አልጋ ላይ ስልኬን እየነካካሁ እያለ አከራዬ እማማ በሩን ደበደቡት፣ "ልጄ ውጣማ፣ ሮቶው ላይ የተቀመጠውን እይልኝ" ይላሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበውታል። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ እዚህ ጅብ ሲጮህ ማንም ዞር ብሎ አያይም፣ ጉጉት ሲሆን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያማትባል። ወጥቼ የስልኬን ባትሪ ሳበራ ሰውነቱ ንቅንቅ ሳይል ጭንቅላቱ ብቻ ዞሮ አየኝ፣ ከዛ ክንፉን ዘርግቶ በእማማ አናት ላይ ሄደ። ድምፅ የለም። ምንም።

እማማ "በግ ያክላል" አሉ። ጠዋት ለጎረቤት ሲያወሩት በጉ ሙክት ሆኗል።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም (ጉጉት ወፉም ጉጉት ስሜቱም ስፔሊንጋቸው አንድ መሆኑ ለኔ የተሰራ ነው የሚመስለኝ)። ቅዳሜ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ካሉት አሮጌ ጽዶች አንዱ ስር መሬቱ ኩስ በኩስ ሆኖ አየሁና ቀና ስል ተኝቷል። አይኑን ሲጨፍን ሽፋሽፍቱ ያለበት ቆዳ ሮዝ ነው፣ ጥፍር ቀለም የተቀባ ይመስላል። በዚህ ነው የለየሁት፣ የቬሮ ንስር ጉጉት ይባላል፣ ከአፍሪካ ጉጉቶች ትልቁ፣ ርዝመቱ 65 ሴንቲ ምናምን፣ ሴቷ እስከ 3 ኪሎ ትመዝናለች። አዎ ሴቷ። እኛ ትልቅ ሲሆን "እሱ"፣ ትንሽ ሲሆን "እሷ" እንላለን አይደል፣ ጉጉት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፣ ግዙፏ እሷ ናት። እማማ አሁንም "እሱ" ነው የሚሉት።

ከስር አውራ ጣት የምታክል ግራጫ ድብልብል ነገር አነሳሁ። አጥንትና ፀጉር ሆዷ ስለማይፈጨው ጠቅልላ በአፏ ትተፋዋለች። በስንጥር ፈልቀቅ ሳደርጋት የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ወጣ፣ ብርቱካናማዋ የፊት ጥርስ እንኳን አልተነቀለችም።

ታዲያ ከዓለም ትልቁ የቱ ነው ብዬ ሳነብ ነገሩ በምን ትለካዋለህ ነው። በርዝመት ከሆነ ሩሲያ፣ ፊንላንድ፣ ካናዳ ጫካ ያለው ታላቁ ግራጫ ጉጉት እስከ 84 ሴንቲ ይደርሳል፣ ሚዛን ላይ ስታወጣው ግን አብዛኛው 1 ኪሎ ከምናምን ነው፣ የፋሲካ ዶሮ ይበልጠዋል። የቀረው ላባ ነው፣ ጋቢ ደራርቦ የወፈረ ሰው በለው። በኪሎ ከሆነ ብላኪስተን የሚባለው ዓሣ በል ጉጉት ነው፣ ስሙ በፈረንጅ 1883 ጃፓን ሆካይዶ ላይ ካገኘው እንግሊዛዊ የመጣ ነው፣ እዛና ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ይኖራል፣ ሴቷ እስከ 4.6 ኪሎ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል ማለትም የቤቴን በር ብታጋድመው ነው። ደስ ያለኝ ምን መሰላችሁ፣ እሷ ስትበር ድምፅ ታሰማለች። የኛዋን ዝም ያሰኛት ክንፏ ጫፍ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የሳሳው ላባ ነው፣ አይጥ ጆሮ አላታ፣ ውሃ ውስጥ ላለ ዓሣ ግን ማን ይጨነቃል።

የጠፉት ውስጥ ደግሞ ኩባ ላይ የነበረው ኦርኒሜጋሎኒክስ ሁሉንም ያስንቃል። ቁመቱ 1.1 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ይገመታል። በ1950ዎቹ አጥንቱ ዋሻ ውስጥ ሲገኝ መጀመሪያ ጉጉት ነው ያለ የለም፣ ከነዛ መብረር ከማይችሉ ሥጋ በል ግዙፍ ወፎች ወገን ነው ተብሎ ነበር፣ በ1961 ነው ፒርስ ብሮድኮርብ የሚባል አሜሪካዊ ጉጉት መሆኑን የለየው። እግሩ ረጅም ነው፣ ደረቱ ላይ የበረራ ጡንቻ የሚይዘው አጥንት ደግሞ ትንሽ፣ ስለዚህ ከመብረር ይልቅ መሬት ላይ እየሮጠ ነበር የሚያድነው ይባላል። ጉጉት ሲሮጥባችሁ አስቡት እስቲ።

ይሄን ሁሉ ቡና ላይ ለእማማ ስነግራቸው 9 ኪሎ ስል አቋረጡኝ።

"9 ኪሎማ ግልገል ነው። በግ ያክላል አላልኩህም?"

"እማማ እሱ እኮ የኩባው ነው፣ ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመቱ ነው።"

"ሙቷላ?"

"ሙቷል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ሲኒውን አስቀመጡና ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ዶሮዎቹን ሊያስገቡ ተነሱ።